በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ታዲያ ማን ገባ?
ስለ «ተዘጋ ክፍል» ልብ ወለዶችና ስለ አሻሻጣቸው

በዚህ እትም ብዙ መምህራን «ጊዜ ማጥፊያ ነው» ብለው ወደሚንቁት፣ ተማሪዎች ግን ከደብተራቸው ሥር ደብቀው ወደሚያነቡት የመጽሐፍ ዓይነት እንሻገራለን። እሱም የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነው፤ በተለምዶ «የሌባና ፖሊስ» የምንለው። ከዚህም ውስጥ አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ እንመለከታለን፤ «የተዘጋ ክፍል» ታሪክ የሚባለውን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ መስኮቱም እንደዚያው። ገዳዩ ግን የለም። ታዲያ በየት ገብቶ በየት ወጣ? ሌላው የወንጀል ታሪክ «ማን ገደለው?» ብሎ ሲጠይቅ ይኸኛው «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ይላል። ደራሲው ታዲያ ጥብቅ ደንብ አለበት። ጋኔን ወይም ድግምት አምጥቶ መገላገል አይችልም። መልሱ በዚህ ዓለም ሊሆን የሚችል ነገር መሆን አለበት። ለመልሱ የሚያስፈልገው ፍንጭም መርማሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ለአንባቢው መታየት አለበት። ፍንጩን ደብቆ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚያደርግ ደራሲ አጭበርብሯል ይባላል።

የኛ ሐሳብ ባጭሩ ይኸ ነው። በዚህ ዓይነቱ ታሪክ ደራሲው ለአንባቢው መልስ የመስጠት ዕዳ አለበት። አሳታሚዎቻችን የወንጀል ልብ ወለድ ሲሸጡልን ድንጋጤውን ሸጡልን፤ ዕዳውን ግን ረሱት። ለኛ ለስደተኞች የሚያስፈልገን ደግሞ ዕዳው ነው።

ከቤታችን እንጀምር

«ይኸ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ሰው ተረፈ ዳንኤልን ይግለጥ። የባቢሎን ሰዎች ቤል የሚባል ጣዖት ነበራቸው። በየቀኑ ዱቄት፣ አርባ በግና ወይን ይቀርብለታል፤ ሲነጋ ሁሉም ተበልቶ ይገኛል። ንጉሡ ቂሮስ «ይኸው አምላካችን በላ» ይላል፤ ዳንኤል ይስቃል። የቤተ ጣዖቱ በር ተዘግቶ በንጉሡ ማኅተም ይታሸጋል። ሲነጋ ማኅተሙ እንዳለ ነው፤ ምግቡ ግን የለም። ዳንኤል ግን ከመታሸጉ በፊት ወለሉ ላይ አመድ አስነስንሶ ነበር። አመዱ ላይ የወንድ፣ የሴትና የሕፃን ዱካ ተገኘ። ካህናቱ ከነቤተሰባቸው ከገበታው ሥር ባለ ድብቅ በር ሌሊት ሌሊት እየገቡ ይበሉ ኖሯል።

ይኸ ፍጹም የተዘጋ ክፍል ታሪክ ነው። የታሸገ በር አለ፣ ሊሆን የማይችል ነገር አለ፣ ለአንባቢው የታየ አመድ አለ፣ መልስ አለ። ኤድጋር አላን ፖ የሚባለው አሜሪካዊ የዘመናዊውን የምርመራ ታሪክ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1841 ከማሳተሙ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። በመጽሐፈ ሶስናም ያው ዳንኤል ሁለቱን ሐሰተኛ ሽማግሎች ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ይጠራሉ፤ በሐሰት የተከሰሰችው ሴት ከሞት ትድናለች። ምስክርን ለያይቶ መጠየቅን ከዚህ በላይ የሚያስተምር ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ከመጽሐፍ ውጭም ቢሆን ነገሩ አይጎድለንም። እንቆቅልሽ የማያውቅ ልጅ የለም። ጠያቂው ፍንጩን በቃሉ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት፤ መላሹ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ተቀብሎ ሲያበቃ ግን ጠያቂው መልሱን የመንገር ግዴታ አለበት። አገር ወስዶ መልስ የሚከለክል ጠያቂ ከጨዋታው ይባረራል። አፈርሳታም (አንዳንዱ አገር አውጫጭኝ ይለዋል) ነበረን። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወሬው ተወጣጥቶ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። እዚያ በሩ የሚዘጋው በምስክሮቹ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥሬ ዕቃው ሞልቶናል። ታዲያ በአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ ውስጥ የተዘጋ ክፍል ታሪክ ጎልቶ ያልወጣው ለምንድን ነው?

የኛ ገበያ ምን ሸጠ?

የአማርኛ የወንጀልና የስለላ ንባብ ድሃ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን በአማርኛ ካስለመዱት ቀደምት ደራስያን አንዱ ናቸው። ማሞ ውድነህ ደግሞ «የኛው ሰው በደማስቆ»ን፣ «ሰላዩ ሬሳ»ንና «ዘጠና ደቂቃ በኢንተቤ»ን በመሳሰሉ ትርጉሞች አንድ ሙሉ ትውልድ ሌሊቱን በኩራዝ እንዲያነብ አድርገዋል። የፖሊስ ጋዜጣ የነበረው «ፖሊስና እርምጃው»ም በእውነተኛ የወንጀል ታሪኮቹ ብዙ አንባቢ ነበረው። በ1990ዎቹ የሲድኒ ሼልደን ትርጉሞች በየአዟሪው ትከሻ ላይ ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ ምሥጢርና ማሳደድ ያለበት ልብ ወለድ ምን ያህል ሊሸጥ እንደሚችል ለአሳታሚዎች አሳይቷል።

ማስተዋወቂያውስ? ዋነኛው ሬድዮ ነበር። የኢትዮጵያ ሬድዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» መጽሐፍ መግዛት ለማይችለውና ማንበብ ለማይችለው ሁሉ መጽሐፍ አዳርሷል፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ያልሰማ ጥቂት ነው። ቀጥሎ አዟሪው አለ፤ ሻይ ቤት ገብቶ ሽፋኑን ያሳይና ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግራል። ከዚያ ሽፋኑ አለ፦ ሽጉጥ፣ ጥቁር መነጽር፣ ቀይ ቀለም። በጀርባው ደግሞ ያቺ የማትቀር ቃል፤ «ልብ አንጠልጣይ»።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታችን። ልብ ማንጠልጠል ክፉ አይደለም፤ ተማሪ የሚያነበው ልቡ ሲንጠለጠል ነው። ግን ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ከአንባቢው የሚፈልገው እንዲሮጥ ብቻ ነው። ሰላዩ ያመልጣል፣ መኪናው ይገለበጣል፣ ገጹ ይገለጣል። ወደ ኋላ ተመልሶ «ቆይ፣ ያ ሰው ሰዓቱ ስንት ነው ብሎ ነበር?» ብሎ መፈተሽ የለም። የተዘጋ ክፍል ታሪክ ግን ካልተመለስክ አይፈታም። ይኸን ዓይነት መጽሐፍ በሽጉጥ ሽፋን ብትሸጠው ገዢው ተታለልኩ ይላል፤ ተኩስ ጠብቆ የበር ቁልፍ መግለጫ ያገኛል። ስለዚህ አሳታሚው «አይሸጥም» ይላል። አሻሻጡን ሳይቀይር መጽሐፉን ይወቅሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ነው። ስንትና ስንት ትርጉም አይተናል፤ የጀርባው ማስታወቂያ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊናገር ትንሽ ሲቀረው። መቅድም ጸሐፊ ወዳጆችም እንዲሁ ናቸው፤ መጽሐፉን ለማመስገን ሲሉ መጨረሻውን ያፈሱታል። የእንቆቅልሹን መልስ አስቀድሞ ነግሮ እንቆቅልሹን መሸጥ ምን ይባላል?

ዕዳውን የሸጡ ሰዎች

ሌላው ዓለም ይኸን ታሪክ እንዴት እንደሸጠው እንይ። እ.ኤ.አ. በ1905 ቦስተን ውስጥ ዣክ ፉትሬል የሚባል ጋዜጠኛ «የክፍል 13 ችግር» የሚል አጭር ልብ ወለድ በጋዜጣ በተከታታይ አወጣ። አንድ ፕሮፌሰር «ማሰብ ብቻ በቂ ነው፤ ከእስር ቤት አስገቡኝና በሳምንት ውስጥ እወጣለሁ» ብሎ ይወራረዳል። ጋዜጣው መልሱን ከማተሙ በፊት እንዴት እንደወጣ ለሚያውቁ አንባብያን የገንዘብ ሽልማት አቀረበ። ፉትሬል እ.ኤ.አ. በ1912 ከታይታኒክ ጋር ሰጠመ፤ ታሪኩ ግን እስካሁን ይነበባል።

በዚያው በ1905 ለንደን ላይ ኤድጋር ዋላስ የሚባል ሌላ ጋዜጠኛ የባሰውን አደረገ። «አራቱ ፍትሐውያን» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ልብ ወለድ ራሱ ባቋቋመው ታሊስ ፕሬስ አሳተመ። አንድ ሚኒስትር በዚህ ሰዓት ትሞታለህ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። በፖሊስ በተከበበ ቤት፣ በተዘጋ ክፍል ብቻውን ይቀመጣል። በተባለው ሰዓት ይሞታል። እንዴት? ዋላስ መልሱን ከመጽሐፉ አስቀርቶ «ለሚያውቅ 500 ፓውንድ» ብሎ ከተማውን በማስታወቂያ ሞላው። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። ችግሩ በውድድሩ ደንብ ላይ የተሸላሚውን ቁጥር የሚገድብ ቃል አላስገባም። ትክክለኛውን መልስ የጻፈው ሰው ብዙ ሆነ፤ ለሁሉም መክፈል ሊኖርበት ነው። ማስታወቂያውም ገንዘቡን በልቶታል። ስም ዝርዝሩ ሲዘገይ ሕዝቡ «ተጭበረበርን» ማለት ጀመረ፤ በመጨረሻ የሚሠራበት ጋዜጣ ባለቤት አበድሮት ነው የወጣው። የመጽሐፉንም መብት በ75 ፓውንድ ሸጠ።

ብዙ ሰው ይኸን የሚያነሣው ለመሳቅ ነው። ሒሳቡ አስቂኝ ነው፤ እውነት ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን። እነዚያ አንባብያን ለምን ተቆጡ? ጥያቄ የጠየቀ ሰው መልስ አለበት ብለው ስላመኑ ነው። ዋላስ አንባቢውን አበዳሪ አደረገው፤ አበዳሪም ዕዳውን ጠየቀ።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ሚኒስትሩ የሚገደለው ለምንድን ነው? በፖለቲካ ምክንያት ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ሰዎችን ወደየአገራቸው አሳልፎ ለመስጠት የሚያስችል ሕግ ሊያጸድቅ ስለሆነ ነው። በዚያው በ1905 የእንግሊዝ ፓርላማ የውጭ አገር ሰዎችን መግባት የሚገድብ ሕግ በእርግጥ አውጥቷል። ስለዚህ ይኸ በዓለም የታወቀ የተዘጋ ክፍል ታሪክ መነሻው የስደተኛ ጉዳይ ነው! ግን ዋላስ ጉዳዩን አንሥቶ ይጥለዋል። ስለ ስደተኛው ይወራል፤ የስደተኛው ድምፅ ግን እምብዛም አይሰማም። በሱ ስም አራት ሰዎች ይገድላሉ፣ ሚኒስትሩ በግትርነቱ ይሞታል፣ ከተማው ይወራረዳል። ስደተኛው ራሱ እንዲህ አድርጉልኝ ብሎ ነበር? ማንም አልጠየቀውም። መጽሐፉን ለተማሪ ስንሰጥ ይኸን ጥያቄ አብረን መስጠት አለብን። ለሰው ሕይወት ሲባል ሰው መግደልንም «ፍትሕ» ብሎ መጥራቱን እንዲሁ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሃርፐር የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ደግሞ ከ1929 ጀምሮ ሌላ ዘዴ አመጣ። የመጽሐፉን የመጨረሻ ክፍል በወረቀት እያሸገ «ማሸጊያውን ሳትቀድ መመለስ ከቻልክ ገንዘብህን ውሰድ» አለ። በ1930 የወጣው የጆን ዲክሰን ካር የመጀመሪያ ልብ ወለድ የተሸጠው እንዲህ ታሽጎ ነው። ካር በኋላ የዚህ ዘርፍ ዋና ጌታ ሆነ፤ በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ መርማሪው የተዘጋ ክፍል ዘዴዎችን በዓይነት በዓይነት ሲያስተምር ይውላል። ደራሲው የሙያውን ምሥጢር ዘርግቶ ካሳየ በኋላ እንደገና ያሸንፍሃል። በአንባቢው አእምሮ የሚተማመን ደራሲ እንዲህ ነው።

የማላውቀውን ቋንቋ ይናገር ነበር

አሁን ወደ ፖ እንመለስ፤ ወደ 1841ዱ ታሪክ። ቦታው ፓሪስ ነው። ሁለት ሴቶች በተዘጋ ክፍል ተገድለዋል። ጎረቤቶች ደረጃውን ሲወጡ ከውስጥ ሁለት ድምፅ ሰምተዋል። አንዱ የፈረንሳዊ ነው፤ በዚህ ሁሉም ይስማማሉ። ሁለተኛው ቀጭን ድምፅ ግን የማን ነበር? ፈረንሳዊው ፖሊስ «ስፓኛ ይመስለኛል» ይላል። ሆላንዳዊው «ፈረንሳይኛ ነው» ይላል፤ እሱ ግን ፈረንሳይኛ አይችልም። እንግሊዛዊው «ጀርመንኛ» ይላል፤ ጀርመንኛ አያውቅም። ስፓኛዊው «እንግሊዝኛ» ይላል፤ እንግሊዝኛ አይሰማም። ጣልያኑ «የሩስያ ሰው ነው» ይላል፤ ከሩስያ ሰው ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። ፖሊስ በበኩሉ ለሟቾቹ ከባንክ ገንዘብ ያደረሰውን ጸሐፊ ይዞ አሰረ።

መልሱን አንነግራችሁም። ግን ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ምስክር ወንጀሉን የሰጠው ቋንቋውን ለማያውቀው ሕዝብ ነው። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። ያልገባቸውን ድምፅ «የባዕድ» ብለው አለፉ። መርማሪው ዱፔን ግን እነዚህን ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሁሉም የሚስማሙት በአለማወቃቸው ነው» ወደሚል ነጥብ ይደርሳል፤ መፍትሔውም ከዚያ ይጀምራል። በአርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1892 በወጣው በታወቀው የሼርሎክ ሆልምስ የተዘጋ ክፍል ታሪክም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቤቱ አጠገብ ድንኳን ተክለው የሰፈሩት ተንከራታቾች ናቸው። ድንኳን ውስጥ የኖረ ሰው ይኸን ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፍም።

ይኸን የምስክርነት ክፍል በአማርኛ መልሰን በአንድ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለን አንብበነዋል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ «ስንት ሰው ነው የገባው?» እያሉ ተከራከሩ። ከዚያ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ እንዴ! ማናቸውም እኮ ቋንቋውን አይችሉም» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ በሰዋስው ትምህርት አግኝተነው አናውቅም።

ለምን እንደሆነም እናውቃለን። አንድ ጊዜ ከተቆለፈ ዕቃ ቤት የሶላር መብራት ጠፋ። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉም እንዳለ ነው። ሲነጋ ግን ሌባው ማን እንደሆነ ሁሉም ሰው «ያውቅ» ነበር፤ በዚያ ሳምንት የመጡት አዲሶቹ ናቸው ተባለ። ለምን? ቋንቋቸው ሌላ ነው፣ ማታ ማታ እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። ቁልፉ በዚያ ሌሊት በማን እጅ እንደነበር የጠየቀ ሰው አልነበረም። ያ ቤተሰብ ሰፈር ለውጦ ሄደ። መብራቱም አልተገኘም። የተዘጋ በር ሲያጋጥመን የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁልፉ የት ነበር?» መሆኑን ከልጅነታቸው የለመዱ ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ ያ ቤተሰብ ቢያንስ ሳይጠየቅ ባልተፈረደበት። ይኸን መጽሐፍ ብቻውን ያስተካክለዋል አንልም። ልማዱ ግን በጨዋታ ሊጀመር ይችላል።

ድክመቱን አንደብቅም

ዘርፉ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ዘዴው አንዳንዴ እጅግ የተጋነነ ነው፤ ገመድ፣ ምስማር፣ መስታወት፣ መንታ ወንድም... አንባቢው «ለዚህ ሁሉ ድካም መርዝ አይሻልም ነበር?» ይላል። ሟቹም ብዙ ጊዜ ሰው መሆኑ ይረሳል፤ ለጥያቄው መነሻ የሚሆን ሬሳ ነው እንጂ የሚያለቅስለት የለም። ሞትን በዓይናቸው ላዩ ልጆች ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለታዳጊዎች የፉትሬል ዓይነቱ ይሻላል፤ ማንም የማይሞትበት፣ አንድ ሰው ከተዘጋ ቦታ እንዴት እንደወጣ ብቻ የሚጠይቅ።

ከሁሉ የከበደው ትችት ግን ይኸ ነው። «በእውነተኛው ዓለም መልስ አይገኝም፤ ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍት ይዋሻሉ» የሚሉ አሉ። የራሳችንን ታሪክ ይጠቅሳሉ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ በኩል አወጣ። መጽሐፉ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚናገር፣ ስለላና ፍቅር ያለበት ልብ ወለድ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ሰው ግን በድብቅ እያባዛ አነበበው። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው መንገድ ላይ ተገኘች። እሱ የት እንደደረሰ ቤተሰቡ እስካሁን ይፋ መልስ አላገኘም። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሞ ለዓለም ደርሷል፤ የደራሲው የመጨረሻ ገጽ ግን እስከዛሬ ባዶ ነው።

ይኸን ትችት እንቀበላለን፤ መደምደሚያውን ግን አንቀበልም። መልስ ያልተሰጠው ስለሌለ አይደለም፤ የሚያውቁ ሰዎች ስላልተናገሩ ነው። አንባቢ «መልስ ይገባኛል» ማለትን በልብ ወለድ ከለመደ በሕይወቱም ዝምታን እንደ መልስ አይቀበልም። መጽሐፉ የሚዋሸው መልስ በቀላሉ ይገኛል ካለ ብቻ ነው። ጥሩው መጽሐፍ ግን መልስ እንዳለና በትዕግሥት መፈለግ እንዳለበት ይናገራል፤ ይኸ ውሸት አይደለም።

ቁልፍ በሌለበት አገር?

«እኛ በራኩባ ውስጥ ነው የምናስተምረው፤ በር የለን፣ መስኮት የለን፤ ምን የተዘጋ ክፍል አለ?» ላላችሁ ባልደረቦቻችን የጃፓኑን ሴይሺ ዮኮሚዞን እንጠቅሳለን። በጦርነቱ ማብቂያ ከቶኪዮ ሸሽቶ ከነቤተሰቡ ኦካያማ ገጠር ገብቶ ነበር። የጃፓን ባህላዊ ቤት በሩ ወረቀትና እንጨት ነው፤ ለተዘጋ ክፍል ታሪክ አይመችም ይባል ነበር። እሱ ግን በ1946 እዚያው ገጠር፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ታሪክ በመጽሔት በተከታታይ ጽፎ ከአገሩ ምርጥ መርማሪ ልብ ወለዶች አንዱን አበረከተ። ወረቀት በጠፋበት፣ ከተማ በፈረሰበት ጊዜ ነው ይኸን ያደረገው።

እኛስ? በገመድ ብቻ የሚወጣበት ደብረ ዳሞ አለን፤ ገመዱ ላይ ተቀምጦ ሌሊት ጨርሷል፣ ግን አንድ ነገር ጠፍቷል በሉ። የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ግሸን አምባ ነበረን። «ወህኒ ቤት» የሚለው ቃላችን ራሱ የመጣው ከጎንደር ዘመኑ የወህኒ አምባ ነው። የሳሙኤል ጆንሰንን የ1759ኙን «ራሴላስ» ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ እሱም በተራራ ከተዘጋ ሸለቆ ስለሚያመልጥ የኢትዮጵያ መስፍን ነው። ኬላ፣ የጭነት መኪና፣ የታሸገ የእርዳታ መጋዘን፤ በሕይወታችን የተዘጋ ቦታ አላነሰንም።

ምን እናድርግ?

ከካርቱም እንማር። ዓረቦች «ካይሮ ትጽፋለች፣ ቤይሩት ታትማለች» ብለው ሲያበቁ አንዳንዱ «ባግዳድ ታነባለች» ሲል ሱዳኖች «ካርቱም ታነባለች» ይላሉ። የግብጽ የኪስ ልብ ወለዶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ እስከ ሱዳን ድረስ የተነበቡት በሦስት ምክንያት ነው፤ ትንሽና ርካሽ ናቸው፣ ተራ ቁጥር አላቸው፣ ከጋዜጣ ጋር ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ካርቱም መሀል ወጣቶች በየወሩ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ አንጥፈው የሚሸጡበት «መፍሩሽ» የሚባል ገበያ ነበር፤ በ2015 ባለሥልጣናት ከለከሉት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (አፕሪል 2023) ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ስንቱ ቤት መጽሐፉን ጥሎ ወጣ። ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ መጨረሻቸው ተቀዷል። ሃርፐር በገንዘብ ያሸገውን የመጨረሻ ገጽ እኛ በችግር አጥተነዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን፦

አንደኛ፣ ትርጉሙ ከነጻ ሥራዎች ይጀመር። በኢትዮጵያ የቅጅ መብት አዋጅ (ቁጥር 410/1996) መሠረት የደራሲ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ፖ በ1849፣ ፉትሬል በ1912፣ ዶይል በ1930፣ ዋላስ በ1932 ሞተዋል። የካር ግን ገና ነው፤ በ1977 ነው የሞተው።

ሁለተኛ፣ ውርስ ትርጉም እንጠቀም። የፓሪሱ ቤት አዲስ አበባ ወይም ገዳሪፍ ቢሆን ችግር የለውም፤ ፍንጩ ግን አንድም ሳይጎድል ይምጣ። ተርጓሚ «አሰልቺ ነው» ብሎ የመስኮቱን መግለጫ ከቆረጠ ታሪኩን ገደለው።

ሦስተኛ፣ በማባዣ ማሽን ስምንት ገጽ እናውጣ፤ መልሱ በሚቀጥለው እትም ይውጣ። መልሳቸውን ከነማስረጃቸው የሚጽፉ ተማሪዎች ስማቸው ይታተማል። ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ይሁን፤ የተሸላሚው ቁጥር ደግሞ ከወዲሁ በግልጽ ይጻፍ! የዋላስን ዕዳ የሚከፍልልን ባለ ጋዜጣ የለንም።

አራተኛ፣ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ አይሳል። የተዘጋ በር ይሳልና ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፍ።

በሚቀጥለው እትም የፉትሬልን «የክፍል 13 ችግር» የመጀመሪያ ክፍል ተርጉመን እናቀርባለን። ቀደም ብላችሁ ያነበባችሁ መጨረሻውን ለሌላው እንዳትናገሩ አደራ። እናንተም በሰፈራችሁ የሚነገር «እንዴት ሊሆን ቻለ?» የሚያሰኝ ታሪክ ካላችሁ መልሱን በሌላ ወረቀት አሽጋችሁ በየትምህርት ቤታችሁ አስተባባሪ በኩል ላኩልን። መልስ የሌለው ጥያቄ ግን አንቀበልም።